ዕዳው በማን ስም ተጻፈ?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2004 ላይ 12 ኔፓላውያን ከዮርዳኖስ ወደ ኢራቅ በሚወስደው መንገድ በታጣቂዎች ተያዙ። ወሩ ሳያልቅ ተገደሉ፤ ግድያውም በቪዲዮ ተሰራጨ። ወታደሮች አልነበሩም። አብዛኞቹ ከአገራቸው ሲነሱ የተነገራቸው አማን ከተማ ሆቴል ውስጥ እንደሚሠሩ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ለአስቀጣሪ የሚከፈለውን ገንዘብ በወለድ ተበድረዋል። ዮርዳኖስ ሲደርሱ ፓስፖርታቸው ተወሰደ። ከዚያ የተላኩት ኢራቅ ውስጥ ወዳለው አል አሳድ፣ የአሜሪካ ጦር ወደሰፈረበት የአየር ጣቢያ ነው።

ማን ላካቸው? የአሜሪካ ጦር የካምፑን አገልግሎት ለኬቢአር በውል ሰጥቷል። ኬቢአር ከሥራው ከፊሉን ለዮርዳኖሱ ዳውድ ኤንድ ፓርትነርስ አስተላልፏል። ከዚያ በታች ደግሞ ሰው አቅራቢዎች፣ ካትማንዱ ያለ ኤጀንሲ፣ መንደር ለመንደር የሚዞር ደላላ አሉ። ቤተሰቦቹ በ2008 አሜሪካ ውስጥ ክስ መሠረቱ፤ በኬቢአር ላይ ያቀረቡት ክስ ግን ውድቅ ሆነ፣ በ2017ም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንኑ አጸና።

ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለው ንብርብር አዲስ አይደለም። እኔም በሦስተኛ ድርጅት በኩል ለውጭ ደንበኛ ሠርቼ የመጨረሻውን ደንበኛ ሳላውቀው የጨረስኩት ሥራ አለ። ግን እኮ ያንን ሥራ ለማግኘት አልተበደርኩም፤ በማግስቱ ብተወው አራጣ አበዳሪ እናቴ ደጅ አይቆምም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ልብ በሉ፣ ያኔም ሕግ ነበረ። አሜሪካ የሰዎች ንግድን የሚከላከል ሕግ ያወጣችው በ2000 ነው፤ በ2003 ደግሞ መንግሥት በዚህ ድርጊት የተገኘ ተቋራጭን ውል እንዲያቋርጥ ተፈቀደለት። በ2005 ቺካጎ ትሪቢዩን የ12ቱን ጉዞ ከመንደራቸው ጀምሮ ተከትሎ አጋለጠ። በ2006 ኢራቅ የነበሩት የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኬሲ ተቋራጮች የያዙትን ፓስፖርት እንዲመልሱ አዘዙ። ጥሩ። ፓስፖርት የሚታይ ነገር ነው፤ መሳቢያ ከፍተህ ትቆጥረዋለህ። ዕዳ ግን መሳቢያ ውስጥ አይገኝም። ፓስፖርቱን ኪሱ የያዘ ባለዕዳም ቢሆን የትም አይሄድም።

ስለዚህ ትግሉ ወደ አንድ ቃል ዞረ፦ «ክፍያ»። በሴፕቴምበር 2012 ኦባማ በፈረሙት ትእዛዝ ሠራተኛን የቅጥር ክፍያ ማስከፈል ተከለከለ። በጃንዋሪ 2013 የጸደቀው ሕግ ግን የከለከለው «ምክንያታዊ ያልሆነ» ክፍያን ነው፤ ለምሳሌ የወር ደሞዝ የሚያክል ወይም የሚበልጥ። አንዲት ቅጽል ስትጨመር ስንት በር እንደሚከፈት አያችሁ? በ2015 ሥራ ላይ የዋለው የግዥ ደንብ ቅጽሏን ትቶ ማንኛውንም የቅጥር ክፍያ ከለከለ። ከአሜሪካ ውጭ ለሚሠራ ከ500,000 ዶላር በላይ ለሆነ ሥራም፣ በገበያ ከሚገኙ ዝግጁ ዕቃዎች ግዥ በቀር፣ ተቋራጩ የመከላከያ ዕቅድ እንዲኖረውና በየዓመቱ ማረጋገጫ እንዲሰጥ አስገደደ።

ሆኖም «ክፍያ» ምን እንደሆነ ደንቡ አልተረጎመም ነበር። ትርጉሙ የወጣው በዲሴምበር 2018 ነው። ሳነበው ጥሩ ፕሮግራመር የጻፈው መሰለኝ፤ ማምለጫዎቹን አንድ በአንድ ይዘጋል። ከደሞዝ ቢቆረጥም ክፍያ ነው። በጉቦ፣ በስጦታ፣ በነፃ ጉልበት ቢከፈልም ክፍያ ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲም ይቀበለው ፈቃድ የሌለው ደላላ፣ ያው ክፍያ ነው። ቪዛ፣ የሕክምና ምርመራ፣ ሥልጠና፣ ትራንስፖርት ሁሉ ተዘርዝረዋል።

ይህ ዝርዝር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጃችን (ቁጥር 923) የቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪን አሠሪው ላይ ሲጥል፣ የፓስፖርትና የሕክምና ምርመራን ለሠራተኛው ተወ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ሸኝቶ የሚያውቅ ቤተሰብ፣ ብድሩ ከእንዲህ ካሉ «ትንንሽ» ወጪዎች እንደሚጀምር ይገባዋል።

ከ2004 እስከ 2018 ድረስ 14 ዓመት ነው፣ አንድ ቃል በትክክል እስኪጻፍ። የተጻፈው ደንብም ቢሆን ራሱን አያስፈጽምም። ከላይ ያለው ተቋራጭ ወረቀት ይፈርማል፤ እውነቱን የሚያውቀው ግን ሳህን የሚያጥበው ሰው ነው። ተቆጣጣሪ ካምፕ ሲገባ ከፓስፖርቱ ቀጥሎ፣ አለቃው በሌለበት፣ በሚገባው ቋንቋ ሊጠይቀው የሚገባው ሁለት ጥያቄ ነው፦ እዚህ ለመድረስ ስንት ከፈልክ? ከማንስ ተበደርክ?