«ዜና» እና «ለዜና መብቃት»፦ ስለ አንድ ስያሜ ታሪካዊ አስተያየት

አንድ ድርጊት ለሕዝብ ሊነገር የሚገባው መሆን አለመሆኑ የሚለይበት ባሕርይ በጋዜጠኝነት ሙያ ራሱን የቻለ ስያሜ አለው። ይህ ስያሜ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ሲመለስ «የዜና ዋጋ» ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የቃሉን ታሪክና በአገራችን የደረሰውን አንድ ጉዳይ አመሳክረን፥ ይህ አመላለስ ስለ ምን እንደማያጠግብ ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ «ዜና» የሚለውን ቃል እንመልከት። እንግሊዝኛውም ሆነ ፈረንሳይኛው የዜናን ስም ያወጡት «አዲስ» ከሚለው ቃል ነው። የእኛው ቃል ግን «ዜነወ»፥ ማለትም ነገረ፥ አወራ ከሚለው የግእዝ ግሥ ጋር የተዛመደ ስለ ሆነ፥ የነገሩ አዲስነት ግዴታው አልነበረም። የነገሥታት ታሪክ «ዜና መዋዕል» ተብሏል፤ ከብዙ ዘመናት በፊት ስለ ሞተው የመቄዶንያ ንጉሥ የሚተርከው የግእዝ ድርሰትም «ዜና እስክንድር» ይባላል። እንግዲህ በጥንቱ አነጋገር ዜናን ዜና የሚያሰኘው መነገሩ ነው፤ መነገር ደግሞ ያለ ነጋሪ አይሆንም።

የውጭ አገር ሊቃውንትም በሌላ መንገድ ወደዚሁ ሐሳብ ደርሰዋል። አሜሪካዊው ዋልተር ሊፕማን በ1922 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ዜና የኅብረተሰቡ ኑሮ መስተዋት ሳይሆን፥ ከኑሮው ጎልቶ የወጣው ገጽታ ዘገባ መሆኑን አስረድቷል። የኖርዌይ ተወላጆች የሆኑት ዮሃን ጋልቱንግና ማሪ ሆልምቦ ሩጌ በ1965 እ.ኤ.አ. 12 መመዘኛዎችን ዘርዝረው፥ አራት የአገራቸው ጋዜጦች ስለ ኮንጎ፥ ስለ ኩባና ስለ ቆጵሮስ ቀውሶች ባወጡት ዘገባ ላይ ከፊሎቹን ፈትሸዋል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ የጊዜ መጣጣም ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ የሚፈጸም ድርጊት ለዕለታዊ ጋዜጣ ይመቻል፥ በዝግታ የሚደርሰው ግን ያመልጠዋል።

ረሀብ በባሕርዩ ዝግተኛ ነው። ዝናብ ይቀራል፥ እህል ይወደዳል፥ ከብት ይሸጣል፥ ቤተሰብ ይሰደዳል፤ የዛሬው ቀን ከትናንቱ እምብዛም አይለይም። የወሎ ረሀብ በ1965 ዓ.ም. ሕዝብ ሲፈጅ፥ ከዝግታው በላይ የሸሸገው የመንግሥት ፍላጎት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው ተመልሰዋል፤ ዓለም በሰፊው የሰማው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የፊልሙ ስም በአማርኛ ሲመለስ «ያልታወቀው ረሀብ» ማለት ነው። ይኸው ፊልም ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፥ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ «ድብቁ ረሀብ» ተባለ። ለቋንቋ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያልታወቀ ነገር ተጠያቂ የለውም፤ የተደበቀ ነገር ግን ደባቂ አለው።

ከዐሥር ዓመት በኋላም ነገሩ ተደገመ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. አስቀድሞ ለዓለም ማስጠንቀቂያ ቢያሰማም፥ የብዙኃኑ ጆሮ የተከፈተው ሞሐመድ አሚን ያነሣውና ማይክል በርክ የዘገበው የኮረም ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው። የረሀቡ ክብደት በዚያች ዕለት አልተፈጠረም፤ በዚያች ዕለት የተገኘው ነጋሪ ነው።

ስለዚህ «ዋጋ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ዋጋ ከዕቃው ጋር አብሮ የተወለደ ያህል ሆኖ ስለሚሰማ፥ ያልተነገረው ሁሉ ዋጋ የሌለው መስሎ ይታያል። እኛ «ለዜና መብቃት» የሚለውን እንመርጣለን፤ መለኪያዎቹም «ለዜና የመብቃት መመዘኛዎች» ቢባሉ ይስማማል። «ለወግ ለማዕረግ በቃ» እንደሚባለው፥ «በቃ» ደረጃ ያለበትን መድረስ ያሳያል። ከዚህም ሌላ ግሡ «አበቃ» የሚል አድራጊ እርባታ አለው፤ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ብለን የምንመርቀው በዚሁ ነው። እንግዲህ አንባቢ «ይህን ለዜና ያበቃው ማን ነው? ያንንስ ሳያበቃ የቀረው ማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ሰዋስዉ ራሱ መንገድ ይከፍትለታል። ተርጓሚም ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ፥ ይህን ጥያቄ ለአንባቢው እንደሚያቀርብለት ወይም እንደሚዘጋበት ሊያስተውል ይገባል።