የቤት ውስጥ ሽቦ ውፍረትና የብሬከር መጠን

ብሬከር በዋናነት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ጭኖ ሳይቃጠል መስመሩን ያቋርጣል። ስለዚህ የብሬከሩ አምፔር ከሽቦው አቅም መብለጥ የለበትም። ለመዳብ ሽቦ የተለመደው ምጣኔ የሚከተለው ነው፦

• ለመብራት፦ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 10 አምፔር ብሬከር
• ለሶኬት፦ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ 16 አምፔር
• ለእንጀራ ምጣድ፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ 25 አምፔር

4,000 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ከ18 አምፔር በላይ ይስባል። ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ የሶኬት መስመር ሲሠራ ብሬከሩ ቢያቋርጥ ተግባሩን መፈጸሙ እንጂ መበላሸቱ አይደለም። ሽቦውን ሳይቀይሩ ብሬከሩን በ32 አምፔር መተካት ግን ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ግሎ የእሳት አደጋ እንዲያስነሳ መንገድ ይከፍታል። ለምጣዱ ራሱን የቻለ መስመር ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስዘርጋት ይገባል።