የጥሬ አልማዝ አለያየትና የዋጋ ግምት በቦትስዋና

ጥሬ አልማዝ እንደ ወርቅ በክብደቱና በንጥረቱ ብቻ ዋጋ የሚወጣለት ማዕድን አይደለም። እኩል የሚመዝኑ ሁለት ድንጋዮች በቅርጽ፣ በጥራትና በቀለም ሲለያዩ ዋጋቸውም እጅግ ይራራቃል። ስለሆነም ከውጭ ንግዷ የምታገኘው ገቢ በአመዛኙ በአልማዝ ላይ ለተመሠረተው ቦትስዋና የዋጋ ግምቱ ትክክለኛነት የመንግሥት በጀት ጉዳይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ማዕድኑ ከሚወጣበት ሥፍራ ነው። ቀደም ባለው ዘመን የተፈጨው ማዕድን ግራሶ በተቀባ ገበታ ላይ ከውሃ ጋር እንዲያልፍ ይደረግ ነበር፤ አልማዝ ውሃ ስለማያርሰው ከግራሶው ጋር ሲጣበቅ ሌላው ድንጋይ ታጥቦ ይሄዳል። ቀጥሎ የመጡት መሣሪያዎች አልማዝ ኤክስሬይ ሲያርፍበት የሚሰጠውን ብርሃን ተከትለው የሚለዩ ናቸው። ይሁንና እጅግ ንጹሕና ውድ ከሆኑት ድንጋዮች አንዳንዶቹ የሚሰጡት ብርሃን ደካማ በመሆኑ ሊያመልጡ ይችላሉ። ትላልቆቹ ደግሞ ገና ሳይታዩ በመፍጫው ይሰባበራሉ።

በካሮዌ ማዕድን እ.ኤ.አ በ2015 ሥራ የጀመረው መሣሪያ ይህንን ለማቃለል የታሰበ ነው። በድንጋዩ ውስጥ አልፎ የሚወጣውን ኤክስሬይ በመለካት ካርቦንን ከሌሎች ማዕድናት ይለያል። በዚያው ዓመት 1 ሺህ 109 ካራት ወይም 222 ግራም ገደማ የሚመዝነው “ሌሴዲ ላ ሮና” ተገኝቷል። ከዚሁ ድንጋይ የተሰበረ 374 ካራት ገደማ የሚመዝን ክፋይ ለብቻው መገኘቱ ግን መሣሪያው ስብራትን ፈጽሞ እንዳላስቀረ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ድንጋዮቹ በመጠን፣ በቅርጽ፣ በጥራትና በቀለም ይመደባሉ። አነስተኞቹን በወንፊት፣ በሚዛንና በካሜራ የሚሠሩ ማሽኖች ይለያሉ። የእስራኤሉ ሳሪን ኩባንያ የሠራቸውን የመሰሉ መሣሪያዎች ደግሞ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን እንከን ካርታ አንስተው ቢቆረጥ ምን ያህል የተወለወለ አልማዝ እንደሚወጣው ያሰላሉ። ሆኖም ስሌት ገዢ አያመጣም፤ “ሌሴዲ ላ ሮና” እ.ኤ.አ በ2016 ለንደን ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ የቀረበው ዋጋ ሻጩ ከወሰነው ዝቅተኛ መነሻ በታች በመሆኑ ሳይሸጥ ቀርቶ፣ በዓመቱ በ53 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጧል።

መንግሥት በሌላው ግምት ብቻ እንዳይወሰን የራሱን ገማች ይመድባል። እ.ኤ.አ በ2012 የተቋቋመው የመንግሥቱ ኦካቫንጎ ዳይመንድ ኩባንያም መንግሥትና ዴ ቢርስ እኩል ከሚጋሩት የደብስዋና ምርት የተወሰነውን በራሱ ጨረታ ስለሚሸጥ የገበያውን ዋጋ በቀጥታ ለማወቅ አስችሏል። በ2025 የተፈረመው ስምምነት የኩባንያውን ድርሻ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀጣዮቹ አምስት ዓመታት 40 በመቶ እንዲሆን ወስኗል።