ከመኪና የፊት ጎማ የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ ምን ያመለክታል?

ከመኪና የፊት ጎማ አካባቢ የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከከፋ ብልሽት ቀድሞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። የፊት ጎማዎች መኪናውን ከመሸከም ባሻገር አቅጣጫ ያስይዛሉ፤ ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደ እነርሱ ይጋደላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል በሚወርድ ወይም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ በሚጓዝ ተሽከርካሪ ላይ የፊት ጎማ ቢላላ አደጋው በአሽከርካሪው ብቻ አይወሰንም። ተሳፋሪውንም ሆነ እህሉን አስጭኖ ገበያ የሚወርደውን አርሶ አደር ይነካል።

ድምፅን በቃላት መግለጽ ያስቸግራል፤ አንዱ «ይጮኻል» ያለውን ሌላው «ያጉረመርማል» ይለዋል። ስለዚህ አስተማማኙ መለያ ድምፁ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚጨምርና መቼ እንደሚጠፋ ማስተዋል ነው። በቅድሚያ ድምፁ የሞተር አለመሆኑ ይጣራል። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማ ከሆነ የጎማ ድምፅ አይደለም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ብቻ ተሰምቶ ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ግን ጎማውን ወይም ከጎማው ጋር የሚዞረውን አካል መጠርጠር ይገባል።

ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ጉርምርምታ

ያልተቋረጠ ጉርምርምታ ከተሰማና ፍጥነት ሲጨምር እየጎላ ከሄደ ቀዳሚው ተጠርጣሪ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታ ጎማው ክብደት ተሸክሞ በአነስተኛ ፍትጊያ እንዲዞር የሚያደርግ አካል ነው። በክረምት ጎርፍና ወንዝ ሲቋረጥ ውኃና ጭቃ ከገባበት ግራሶው ይበላሻል፤ ብረቱም መበላት ይጀምራል። ከልክ በላይ መጫንም ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

የየትኛው ጎማ ኩሽኔታ እንደሆነ ለመለየት አሽከርካሪው ነጻና ሰፊ በሆነ መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኝ ጎማ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ወደ ግራ ሲዞር ድምፁ ከጎላ የቀኙ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ከጎላ ደግሞ የግራው ኩሽኔታ ይጠረጠራል።

ወጣ ገባ ሆኖ የተበላ ጎማም ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚያሰማ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ኩሽኔታ ያስቀይራል። መኪናው በቆመበት መዳፍን በጎማው ጥርስ ላይ ማንሸራተት ልዩነቱን ያሳያል፤ ጎማው ሞገድ መሰል ጎርበጥባጣነት ካለው ምንጩ እርሱ ሊሆን ይችላል። የፊቱንና የኋላውን ጎማ አቀያይሮ ድምፁ ቦታ ከለወጠ ጥርጣሬው ይረጋገጣል።

መሪ ሲዞር የሚሰማ ቀጭቀጭታ

መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ መኪናው ሲነሳ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ኃይልን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው፣ ሲቪ ጆይንት የሚባለው መገጣጠሚያ መበላቱን ያመለክታል። ይህ ችግር የሚታየው ሞተሩ የፊት ጎማቸውን በሚያሽከረክረው መኪኖች ነው፤ ብዙዎቹ ትንንሽ የቤት መኪኖች የዚህ ዓይነት ናቸው። ብልሽቱ የሚጀምረው በአብዛኛው መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ላስቲክ ሲቀደድ ነው። በጎማው የውስጥ በኩል የተረጨ ግራሶ ከታየ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ነው። መገጣጠሚያው ሳይበላ ከተደረሰበት አጽድቶ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቶ ላስቲኩን ብቻ መቀየር በቂ ስለሚሆን ወጪው ይቀንሳል።

ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ድምፅ

ቀጭን የሲጥሲጥታ ድምፅ የፍሬን ሸራ ማለቁን ሊያመለክት ይችላል። በበርካታ መኪኖች ሸራው ሲሳሳ ከዲስኩ ጋር እየተፋተገ እንዲጮህ ሆን ተብሎ የተሠራ ትንሽ ብረት አለ። የሸራው ውፍረት ወደ 3 ሚሊሜትር ሲወርድ መቀየር ይኖርበታል። ድምፁ ብረት በብረት ላይ ሲፈጭ የሚሰማው ዓይነት ከሆነ ግን ሸራው አልቆ ዲስኩ ራሱ እየተበላ ነው። በዚህ ሁኔታ ወደ ቁልቁለት መንገድ መግባት አይገባም። ሸራ ሲቀየርም የግራውና የቀኙ በአንድ ጊዜ መቀየር አለበት፤ አለበለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል።

በጠጠር መንገድ ድንገት የሚጀምር ኃይለኛ ሲጥሲጥታ በዲስኩና ከጀርባው ባለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መካከል የገባ ጠጠር ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መንዳት ጠጠሩን ያወጣዋል።

ጉድጓድ ሲገባና በዝግታ ሲነዳ

ጎማው ጉድጓድ ወይም ኮብልስቶን ሲመታ «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የአሞርዛተር፣ የጎሚኒ፣ የቦል ጆይንት ወይም የመሪ ቴስቲና መላላት ይጠረጠራል። ከእነዚህ ውስጥ የቦል ጆይንትና የቴስቲና ብልሽት ይበልጥ ያሰጋል። ቦል ጆይንት ከተነቀለ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ ቴስቲና ከተነቀለ ደግሞ ጎማው ለመሪው መታዘዙን ያቆማል።

በዝግታ ሲነዳ ከጎማው መዞር ጋር እኩል የሚመታ ድምፅ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላሉ። አንደኛው በጎማው ጥርስ መካከል የተሰካ ድንጋይ ወይም ምስማር ነው። ሁለተኛው እና ፈጽሞ ጊዜ የማይሰጠው የጎማ ብሎን መላላት ነው። ብሎኖች በአንድ ወገን ተከትለው ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ መጥበቅ አለባቸው። ጎማ ከተቀየረ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቆም ብሎ ዳግም ማጥበቅ ተገቢ ነው።

ቀላል ፍተሻ

መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬን ከተያዘና የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ከተደገፉ በኋላ የፊት ጎማው በክሪክ ይነሳል። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ማንም መግባት የለበትም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀነቅ ልልነት ካለ ረዳት የእግር ፍሬን ይረግጣል። ልልነቱ ከጠፋ ችግሩ የኩሽኔታ፣ ካልጠፋ የቦል ጆይንት ሊሆን ይችላል። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ብቻ የሚታይ ልልነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመሪ ቴስቲናን ያመለክታል።

ጉዞ የሚያቋርጡ ምልክቶች

የጎማ ብሎን መላላት፣ በእጅ የሚታወቅ የጎማ ልልነት፣ ብረት የሚፈጭ የፍሬን ድምፅ እና ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ጎማ ጉዞ ለማቆም በቂ ምክንያቶች ናቸው። ሬዲዮ ከፍ አድርጎ ድምፁን መሸፈን ችግሩን አያስቀረውም። ድምፁን ከአሽከርካሪው ቀድሞ ተሳፋሪ ወይም ረዳት ከሰማም ሳያመነታ ሊናገር ይገባል።

ጋራዥ ሲደረስ «ጎማው ይጮኻል» ማለት ብቻውን ለመካኒኩ ብዙ አይነግረውም። ድምፁ ከየትኛው ወገን፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ በየትኛው መታጠፊያ፣ ፍሬን ሲያዝ ወይስ ሲለቀቅ እንደሚሰማ መግለጽ ያልተበላሸ ዕቃ ከመቀየርና ከአላስፈላጊ ወጪ ያድናል።