«ወግ አጥባቂ» ወይስ «ትውፊታዊ»?

የዘመናችን የአይሁድ እምነት ዋና ዋና ክፍሎች ኦርቶዶክስ፣ ኮንሰርቫቲቭና ሪፎርም ይባላሉ። ክፍፍሉ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመን ውስጥ ነው፤ የጠቡም መነሻ ኦሪትና የረቢዎች ሥርዓት እንዳለ ይጠበቅ፣ በጥንቃቄ ይሻሻል ወይስ ለዘመኑ ይታደስ የሚለው ነበር።

በአማርኛ ዜና «ወግ አጥባቂ አይሁድ» የሚለው አጠራር እየተለመደ መጥቷል። ስሙ የሚሰጠው ጥቁር ኮትና ባርኔጣ ለማይለያቸው ሐሬዲዎች ነው፤ እነዚህ ግን የኦርቶዶክሱ ጥብቅ ክንፍ ናቸው። ኮንሰርቫቲቮቹ ከእ.ኤ.አ. 1985 ጀምሮ ሴት ረቢ የሚሾሙ መካከለኞች ሆነው ሳለ፣ ቃል በቃል ሲተረጎሙ እነሱም «ወግ አጥባቂ» ይሆናሉ። ለእንግሊዙ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ የተመቸው ስም እዚህ ሁለት የማይስማሙ ወገኖችን ያደባልቃል።

ኮንሰርቫቲቮቹ እስራኤል ውስጥ የሚጠሩት «ማሶርቲ» ተብለው ነው። ቃሉ የመጣው አስረከበ ከሚል የዕብራይስጥ ግስ ነው። የግእዙ «ትውፊት»ም የወጣው ሰጠ፣ አስረከበ ከሚለው ከ«ወፈየ» ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ እዚያው ደርሰዋልና «ትውፊታዊ» ከሁሉም ይበልጣል። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ጣና ቂርቆስ ቆይታለች የሚለውን ትረካ ትውፊት ለሚለው የባሕር ዳር ሰው ቃሉ እንግዳ አይደለም።

ለሪፎርም «ተሐድሶ» በሥሩ እንከን የለበትም፤ ሆኖም በተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ መወነጃጀያ ሆኗል። «ተራማጅ»ም የተማሪዎችን ንቅናቄ ዘመን ይጠራል። «ሪፎርም» እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል። ለኦርቶዶክስ ግእዝ «ርቱዕ ሃይማኖት» የሚል ጥሩ ስም አለው፤ ግን እሱንም ቤተ ክርስቲያን ቀድማ ወስዳዋለች። «ኦርቶዶክስ አይሁድ» ማለት ይበቃል፣ «አይሁድ» የሚለው እስካልተነጠለ ድረስ።

ከጣና በስተሰሜን፣ በጎንደር ዙሪያ የኖሩት ቤተ እስራኤል በየትኛውም ስም አይጠቃለሉም። የረቢዎቹን የሕግ መጽሐፍ ታልሙድን ሳያውቁ፣ በግእዝ ኦሪት፣ በረቢ ሳይሆን በቄስ እየተመሩ ኖረዋል፤ ከሌላው አይሁድ በተለየ መነኮሳትም ነበሯቸው። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ከእስራኤል ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ የዳን ነገድ ስለሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ወስነው ነበር። ያም ሆኖ እስራኤል ከገቡ በኋላ የረቢዎች ጽሕፈት ቤት በውኃ የመንጻት ሥርዓት እንዲፈጽሙ በመጠየቁ፣ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ተቃውሞ ተቀምጠዋል። እስራኤል ውስጥ ትውፊታዊውም ሆነ ሪፎርሙ ረቢ በሕግ የማጋባት ሥልጣን ስለሌለው፣ ልጆቻቸው ዛሬም ጋብቻቸውን የሚያስመዘግቡት በኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ነው።