የፍራፍሬ ሻይ ጣዕም ከየት ይመጣል?

በአውሮፓም ሆነ በሰሜን አሜሪካ መደብሮች «የፍራፍሬ ሻይ» በሚል ስም የሚሸጠው መጠጥ በትክክለኛው ትርጉሙ ሻይ አይደለም። የደረቁ ፍራፍሬዎች፣ አበቦችና ቅጠሎች ድብልቅ በመሆኑ፣ የሻይ ቅጠል ካልተጨመረበት በስተቀር በአብዛኛው ካፌይን የለበትም። በማሸጊያው ላይ እንጆሪ ወይም ቼሪ ይሳላል። ቀይ ቀለሙንና ጉምዛዜውን የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ሱዳንና ግብፅ አብዝተው የሚጠጡት ከርከዴ ነው። የፍራፍሬ ሻይን ማጣጣም የሚሻ ሰው አስቀድሞ ከርከዴን ለብቻው ቢያውቀው የቀሩትን ጣዕሞች መለየት ይቀለዋል።

በሳይንሳዊ ስሙ ሂቢስከስ ሳብዳሪፋ የሚባለው ይህ ተክል የአበባ ሻይ ይባል እንጂ፣ ለመጠጥ የሚውለው አበባው ከረገፈ በኋላ የዘር ፍሬውን ከብቦ የሚቀረው ሥጋማ ቀይ ሽፋን ነው። በውስጡ ሎሚን የሚያጎመዝዘው ሲትሪክ አሲድና በፖም የሚገኘው ማሊክ አሲድ አሉት። ቀለሙ የሚመጣው አንቶሲያኒን ከተባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ደምቆ የሚታየውም በዚሁ አሲድ ምክንያት ነው። ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ቢነሰነስበት ቀይነቱን ለቅቆ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሴኔጋሎች ቢሳፕ ብለው ቀዝቃዛውን ይጠጡታል፤ በጃማይካ ደግሞ ሶረል በሚል ስም ከዝንጅብል ጋር የገና መጠጥ ነው።

አፈላሉ ጣዕሙን ይለውጠዋል። ለአንድ ትልቅ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ከርከዴ በፈላ ውኃ ውስጥ ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ ቢቆይ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ምላስን የሚያኮማትር ባሕርዩ ይጠነክራል። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ያደረው ግን ለስለስ ያለና ወደ ትኩስ ፍሬ የሚጠጋ ጣዕም ይኖረዋል፤ ለሞቃት አገር ይኸኛው ሳይሻል አይቀርም። ቀረፋና ቅርንፉድ ይስማሙታል። ወተት ግን አሲዱ ስለሚያቋጥረው አይሆንም፤ በዚሁ ምክንያት በአሉሚኒየም ድስት ባይፈላ ይመረጣል።

ድብልቁን ለመመርመር ቀላሉ ዘዴ ስኳር ሳይጨመር አፍንጫን ይዞ አንድ ጊዜ መጎንጨት ነው። ምላስ የሚለየው ጉምዛዜን፣ ጣፋጭነትንና ምሬትን የመሳሰለውን ብቻ በመሆኑ፣ በዚያች ቅጽበት ጎልቶ የሚሰማው የከርከዴው ጉምዛዜ ነው። አፍንጫ ሲለቀቅ ድንገት የሚመጣው «እንጆሪ» ሽታ ነው፤ እርሱም ከፍሬው የመጣ ወይም በቅመማ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። በብዙ ድብልቆች ውስጥ የሚገባው የጽጌረዳ ፍሬ ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ እረኞች ለቅመው የሚበሉት የቀጋ ፍሬ ዘመድ ነው። ቀጋን የሚያውቅ ሰው ለዘብ ያለ ጣዕሙን በኩባያው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አያቅተውም።

የሥዕሉና የይዘቱ ልዩነት ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ የጀርመን ኩባንያ ለልጆች ባቀረበው ሻይ ማሸጊያ ላይ የቫኒላ አበባና ራዝቤሪ የተባለውን የእንጆሪ ዘመድ ሥዕል ያትማል። በውስጡ ግን ከርከዴ፣ ፖም፣ የጽጌረዳ ፍሬና ሌሎችም ነበሩ እንጂ ከቫኒላም ከራዝቤሪም የተገኘ አንዳች ነገር አልነበረም። የሸማቾች ማኅበራት ከሰሱ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ጎ.አ ሰኔ 4 ቀን 2015 በሰጠው ውሳኔ፣ የይዘቱ ዝርዝር ትክክለኛና የተሟላ ቢሆን እንኳ ማሸጊያው በጠቅላላው ገዥውን ሊያሳስት እንደሚችል አስታወቀ። ፍርዱ ለሸማቹ የሚበጅ ቢሆንም፣ በጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ዝርዝር ማንበብ ዛሬም ይጠቅማል። ይዘቶች የሚዘረዘሩት እንደ ብዛታቸው ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ከርከዴ አንደኛ ከተጻፈ ሻዩ ጎምዛዛ እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል።

ዝርዝሩን ማንበብ ከጣዕም ያለፈ ፋይዳም አለው። ጆርናል ኦፍ ኒውትሪሽን በተባለው መጽሔት እ.ጎ.አ በ2010 የታተመ ጥናት፣ የደም ግፊታቸው በመጠኑ ከፍ ያለ 65 ጎልማሶችን ለስድስት ሳምንታት ተከታትሏል። በቀን ሦስት ኩባያ ከርከዴ የጠጡት ሰዎች የላይኛው የግፊት ልኬት በአማካይ በ7.2 ሲቀንስ፣ ምትክ መጠጥ የተሰጣቸው ደግሞ በ1.3 ቀንሷል። ጥናቱ ትንሽና አጭር ስለሆነ መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ይልቁንም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከርከዴ አዘውትሮ የሚጠጣ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል፤ ሁለቱ ተደርበው ግፊቱን ከሚፈለገው በታች ሊያወርዱት ይችላሉና። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም አብዝታ ከመጠጣቷ በፊት ሐኪም ብታማክር ይበጃል።

የወባ መድኃኒትን በተመለከተ በሱዳን የተገኘው ውጤት እምብዛም አይነገርም። እ.ጎ.አ በ1994 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ክሎሮኪን ከከርከዴ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው የመድኃኒቱ መጠን በጉልህ ይቀንሳል። ክሎሮኪን በኢትዮጵያም ቫይቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የታዘዘለት ሰው ክኒኑን በንጹሕ ውኃ ይዋጥ፤ ከርከዴውን ሕክምናውን እስኪጨርስ ቢያቆየው ይሻላል።