ከቃላድ እስከ ካርታ፦ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ መሬት ማንን ከፍ፣ ማንን ዝቅ አደረገ?

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ከሦስቱ አንዱን ሳያልፍ ወደ ጅማም፣ ወደ አምቦም፣ ወደ ጎጃምም አይሄድም። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ቡራዩ 10 ሺሕ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 49 ሺሕ ተጠጋች። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሕንፃውና ፋብሪካው የቅርብ ጊዜ ነው። በነዋሪው መካከል የሚታየው የኑሮ ልዩነት ግን ከከተሞቹ ይቀድማል፤ ሥሩን ለማግኘት ወደ መሬቱ ታሪክ መመለስ ግድ ይላል።

ጠፍሩ ሲዘረጋ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አካባቢው ባዶ ሜዳ አልነበረም። የጉለሌ፣ የኤካ፣ የገላንና የሌሎችም ጎሳዎች ኦሮሞዎች ከብት ያረቡበት፣ የሚታረሰውንም ያርሱበት ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሲጸና ለመኳንንቱ ሠፈር፣ ለወታደሩ ማደሪያ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰሞን መሬት ተደለደለ።

ድልድሉ የሚካሄደው በቃላድ፣ ማለትም በመለኪያ ጠፍር ነው። ለኪዎቹ ጠፍሩን እየወጠሩ መሬቱን በጋሻ ይቆጥሩታል፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። በቃላድ በተለካ አገር በደንቡ ሢሶው ለአካባቢው ባላባት ይተዋል፤ የቀረው የመንግሥት ይሆንና ለሹም፣ ለወታደርና ለደብር ይሰጣል። ከአባቱ ጀምሮ ሲያርስ የኖረው አባወራ በዚያው በእርሻው ላይ ገባር ሆኖ ይቆያል። ግብሩም እህል ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ለተሰጠው መልከኛ ማር ያስገባል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። ቅር ቢለው የሚከሰው ያንኑ የሚዳኘውን ሰው ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት በየጭቃ ሹሙ ደጅም ይሠራ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባወጡት ደንብ የአዲስ አበባ ቦታ በወረቀት የሚያዝ፣ የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዋና ከተማዋ ውስጥ ያለው መሬት በገበያ ዋጋ ሲተመን፣ ከዳርቻዋ ያለው በሚያስገባው ግብር ሲለካ ቆየ።

አውድማ ላይ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመንግሥት ግብር በገንዘብ ሆነ፤ መሬቱም ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመደበ። የጉልበት ግብሩ በሕግ ቢቀርም ጭሰኝነቱ ቀጠለ። እኩል አራሽ ገበሬ 10 ቁና ጤፍ አውድማ ላይ አገኘ እንበል። ቀድሞ 1 ቁና ለአሥራት ይወጣል። ከቀሪው 9 ቁና ግማሹ፣ ማለትም 4 ቁና ተኩል፣ የባለመሬቱ ነው። በገበሬው እጅ ከሚቀረው 4 ተኩል ላይ ለዘር ይቀነሳል፣ በብድር የበላው ይከፈላል፤ ክረምቱን የሚሻገረው በተረፈው ነው። ሢሶ አራሽ ወይም እርቦ አራሽ የሆነው ትንሽ ይሻለው ነበር። ውሉ ግን ባብዛኛው የቃል ነበርና ባለመሬቱ ሲፈልግ ያስለቅቀዋል።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ዳርቻዋን መመገብ ሳይሆን ከዳርቻዋ መመገብ ጀመረች። በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድብ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ አቀረበ። ከሱሉልታ ሜዳ ወተትና ድርቆሽ ወረደላት። በሰበታ የመታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ተቋቋመ። መንገድና ፋብሪካ በመጣ ቁጥር የመሬቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ጭማሪው የሚገባው ግን ባለርስቱ ኪስ ነበር።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ የተነሡት ይህንኑ ሥርዓት ተቃውመው ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነትን ሽሮ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ባለርስቱና ባለትርፍ ቤቱ ከላይ ወረዱ፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ገበሬው ያገኘው የማረስ መብት እንጂ የመሸጥ መብት አልነበረም። ያመረተውንም ቢሆን በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ማስረከብ ግዴታው ሆነ።

10 ጊዜ ተባዝቶ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደነገገ፤ አርሶ አደሩ በነፃ እንዲያገኝና እንዳይነቀልም ዋስትና ሰጠ። የከተማ ቦታ ግን ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በሊዝ ይተላለፍ ነበር። አንድ ማሳ ወደ ከተማ ክልል በገባ ቀን ከአንዱ ሕግ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። የዛሬው ልዩነት የሚፈለፈለው በዚህች ቀን ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ ዐዋጅ ቁጥር 455 ለተነሺው አርሶ አደር ከቤቱና ከቋሚ ንብረቱ ግምት ሌላ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ። ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ከአንድ ሄክታር በዓመት 15 ኩንታል ጤፍ ቢገኝ፣ ኩንታሉም በ1 ሺሕ ብር ቢታሰብ ዓመታዊ ገቢው 15 ሺሕ፣ በ10 ሲባዛ 150 ሺሕ ብር ነው። ሄክታሩ 10 ሺሕ ካሬ ስለሆነ ለአንድ ካሬ 15 ብር ደረሰ ማለት ነው። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ለሊዝ ጨረታ የቀረበ አንድ ካሬ በሺዎች ብር ይጫረቱበት ነበር። ለገበሬው የተከፈለው የጤፉ ዋጋ ነው፤ የቦታው ዋጋ በመንግሥትና በባለሀብቱ መካከል ቀረ። ገንዘቡን ጨርሶ በቀድሞ ማሳው ላይ በቆመው የአበባ እርሻ ወይም ፋብሪካ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ የሆነ ተነሺ አለ።

ይህን ሒሳብ ገበሬው ራሱ ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ መንግሥት ሳይደርስበት በደላላ በኩል ቆራርሶ ይሸጣል። ገዢው ደግሞ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረረው ሹፌር፣ ጸሐፊ ወይም ግንበኛ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ውል ይጻፋል፤ በሌሊት ጨረቃ ቤት ይቆማል። ውሉ በሕግ ፊት አይጸናምና ግሬደር ሲመጣ ቤቱም ገንዘቡም ይጠፋል። የሸገር ከተማ እንደተመሠረተ የተካሄደው የቤት ፈረሳ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2015 ዓ.ም. መግለጫ እስኪያወጣበት ድረስ አነጋጋሪ ነበር። በዚህ መንገድ በአንድ ሠፈር ሦስት ዓይነት ሰው ተፈጠረ፤ ካርታ ያለው፣ ውል ብቻ ያለው፣ መሬቱም ውሉም ያለቀበት።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን ኦሮሚያ ውስጥ የተነሣው ተቃውሞ ፖለቲካዊ ምክንያቶች ቢኖሩትም አንዱ ሥሩ ይኸው የ15 ብር ሒሳብ ነው። ዕቅዱ በጥር 2008 ተሰረዘ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ወደ 15 አሳደገው፤ ከሦስት ዓመት ውስጥም ከፍተኛው ገቢ እንዲያዝ አደረገ። በምሳሌያችን ዋጋ ካሬው ከ15 ብር ወደ 22 ብር ከ50 ሳንቲም ከፍ አለ ማለት ነው።

ቃላዱ ግብር ቆጠረ፤ አውድማው ቁና ቆጠረ፤ የካሳ ኮሚቴውም ኩንታል ይቆጥራል። ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ሲቀየር አራሹ በሕግ የተከፈለው በምርቱ ልክ ነው፤ መንገድ፣ ፋብሪካና ከተማ በመሬቱ ላይ የጨመሩት ዋጋ ባብዛኛው ለሌላ ሰው ደርሷል። ስለዚህ ማባዣውን ከ10 ወደ 15፣ ከ15 ወደ 20 ማሳደግ ልዩነቱን አያጠብም። ተነሺው ከሊዙ ገቢ ድርሻ ቢኖረው ወይም በሚለማው ቦታ ላይ ባለአክሲዮን ቢሆን ግን ከተማዋ ባደገች ቁጥር እሱም አብሮ ያድጋል። ሸገር ከተማ ከቀደሙት አስተዳደሮች መለየቱ የሚታወቀው በሚሠራው ሕንፃ ብዛት ሳይሆን ይህን ድርሻ በሕግ ሲጽፍ ነው።